እናቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ደጋግማ ትወድቃለች፤ የአልጋ ብረት ለምን ይከለክሉናል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 82 ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከገባች ሰባት ወር ሆኗታል። የመርሳት በሽታ አለባት፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ለደም ግፊት፣ ለእግሯ እብጠትና ለደም ማቅጠኛ ኪኒን ትወስዳለች። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሌሊት አልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ወድቃ አገኟት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሻይ ጭኗ ላይ ፈስሶ አቃጠላት። የአልጋ ጎን ብረት ይደረግላት ብዬ ብለምን ‹ሕግ አይፈቅድም› አሉኝ። ምን ልጠይቃቸው? እኛስ ቤተሰቦቿ ምን እናድርግ?»

መልስ፦

ብረቱን አለማድረጋቸው ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ የሰጡዎት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። የፌዴራሉ ደንብ የአልጋ ብረትን ጨርሶ አልከለከለም፣ ቅድመ ሁኔታ ነው ያበጀለት። ተቋሙ መጀመሪያ ሌሎች አማራጮችን መሞከር አለበት። ቀጥሎ ሰውየው በብረቱ መሃል ተይዞ የመታነቅ አደጋ እንዳለበት ይመረምራል፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለነዋሪው ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ አስረድቶ ስምምነት ይቀበላል፣ ብረቱ ለአልጋውና ለፍራሹ ልክ መሆኑንም ያረጋግጣል። ስለዚህ «ሕግ አይፈቅድም» ብለው ከሚሸኙዎት «ለእናትዎ አይበጅም፣ ምክንያቱም» ብለው ሊያስረዱዎት ይገባ ነበር።

የማይበጅበት ምክንያት ይህ ነው። ብረት የሚጠቅመው አእምሮው ንቁ ሆኖ ለመገላበጥ ወይም ለመነሳት የሚይዘው ነገር የሚፈልግን ሰው ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ብረቱን አይቶ አይመለስም፤ ይወጣበታል። ከአልጋ ጠርዝ ተንሸራትቶ መሬት ላይ መቀመጥና ከብረት አናት ላይ ተገልብጦ በጭንቅላት መውደቅ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው አደጋ መታነቅ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) በ2006 ባወጣው መመሪያ በብረቱ ዘንጎች መካከል፣ ከብረቱ ሥር፣ እንዲሁም በብረቱና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት ከ120 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት ይላል፤ በብረቱ ጫፍ ሥር፣ አንገት ሊሰነቀር በሚችልበት በኩል ደግሞ ከ60 ሚሊ ሜትር። እናትዎ የአልጋ ቁስል ለመከላከል በአየር የሚሞላ ፍራሽ ላይ የሚተኙ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፦ ባዶ አልጋ ላይ ሲለካ ልኩ ትክክል ይሆንና ሰው ጠርዙ ላይ ሲተኛ ፍራሹ ሰምጦ ክፍተቱ ይሰፋል። ከሱቅ ወይም ከኢንተርኔት ገዝታችሁ ፍራሽ ሥር የሚሰካ እጀታ እንዳትወስዱላቸው። ሰው አንቀው ገድለው ከገበያ የተሰበሰቡ ምርቶች አሉ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎን ከብረቱ ያንሱትና «እናቴ ያን ሌሊት ልታደርግ የተነሳችው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሰው ከሞቀ አልጋው ያለምክንያት አይነሳም፤ የመርሳት በሽታ ያለበትም ቢሆን። ሽንት ነው፣ ሕመም ነው፣ ጥማት ነው፣ ብርድ ነው፣ ወይ ደግሞ የጸሎት ሰዓት ደርሷል። ምክንያቱ ካልተገኘ የሚደረገው ሁሉ ግምት ነው፣ ሦስተኛውም መውደቅ አይቀርም።

ምክንያቱን ለማግኘት የሁለቱን ሌሊቶች የነርስ ማስታወሻ ይጠይቁ። ሕጋዊ ወኪል ከሆኑ መዝገቡን የማየት መብት አለዎት፤ ተቋሙ ቅዳሜና እሑድን እንዲሁም በዓላትን ሳይጨምር በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያሳይዎ፣ ቅጂ ከፈለጉ ደግሞ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል። ኢንሲደንት ሪፖርት የሚሉትን የውስጥ ወረቀት ሊነፍጉዎት ይችላሉ፤ የሕክምና መዝገቡን ግን አይችሉም። መዝገቡ ላይ የሚፈልጉት እነዚህን ነው፦ ስንት ሰዓት ላይ ተገኙ? ከዚያ በፊት መጨረሻ ያያቸው ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ? ፊታቸው ወዴት ዞሮ ነበር? እግራቸው ላይ ምን አጥልቀው ነበር? ልብሳቸው ወይም አንሶላው እርጥብ ነበር? መብራት ነበር? መጥሪያው የት ነበር? ፊታቸው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ከነበረና ልብሳቸው ከረጠበ ጉዳዩ አለቀ፣ ሽንት ነው። አልጋው ሥር በጎናቸው ተኝተው ከተገኙ የተንሸራተቱት ከፍራሹ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። «ወድቀው ተገኙ» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም ካልተጻፈ ደግሞ ያ ራሱ ዋናው ግኝት ነው፤ ከወደቁ በኋላ ምክንያቱን ያጣራ ሰው የለም ማለት ነው። (ሰዓቶቹን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ መዝገቡም በዚያ ስለሆነ።)

እንደ እናትዎ ያለ ሰው ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽንትን ነው። ለእግር እብጠት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፉሮሰማይድ (ላሲክስ) የሚባለው የሽንት ኪኒን ነው። በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓትም ይቆያል። በቀን ሁለት ጊዜ ታዞ ሁለተኛው በማታው የመድኃኒት ዙር ከተሰጠ ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳቸዋል። ሁለተኛው ወደ ቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ ይምጣላቸው ብለው ይጠይቁ። በሐኪም ትእዛዝ ላይ አንድ መስመር ማስተካከል ብቻ ነው፤ ብዙ መውደቅ ያስቀራል። በተጨማሪ ቀኑን ሲቀመጡ እግራቸው ላይ የተጠራቀመው ውሃ ማታ ሲተኙ ወደ ደም ተመልሶ ሽንት ይሆናል። ስለዚህ ከእራት በፊት አንድ ሁለት ሰዓት እግራቸውን ከፍ አድርገው ቢያርፉ ሌሊቱ ይቀላል።

ከዚያ የሽንት መርሐ ግብር ይውጣላቸው። ሦስት ቀንና ሌሊት መቼ እንደሚሸኑ ይመዘገባል፣ ከተለመደው ሰዓታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሰው መጥቶ ያስነሳቸዋል። «በየሁለት ሰዓቱ ይታያሉ» የሚል ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን የእናትዎ ሰዓት ከሌሊቱ 1፡30 ከሆነ በ12ና በ2 ሰዓት ብቅ ያለ ሰው ምንም አልፈየደም። «መጥሪያውን እንዲጫኑ ይነገራቸዋል» የሚለውማ ለእናትዎ ዕቅድ ተብሎ ሊጻፍም አይገባም። የተነገራቸውን ከአምስት ደቂቃ በኋላ የማያስታውስ ሰው ነዋ።

ቋንቋውም እዚህ ላይ ይገባል። የእናትዎ ዕድሜ ያላቸው ብዙ እናቶች ሽንት ሲመጣባቸው «ደጅ ልውጣ» ነው የሚሉት። በስልክ አስተርጓሚ ቃል በቃል ከተተረጎመ «ከተቋሙ ለመውጣት ይሞክራሉ» ተብሎ ይመዘገብና በር ሲጠጉ የሚጮህ አምባር ይታሰርላቸዋል፣ በር ይዘጋባቸዋል፤ ሽንታቸውም እንደመጣ ይቀራል። እናትዎ የሚሉትን አምስት ስድስት ቃል (ሽንት፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ደጅ ልውጣ) በእንግሊዝኛ ፊደል አነባበቡን ከነትርጉሙ ጽፈው በትልቁ አልጋቸው ራስጌ ይለጥፉ። ሁሉንም ተረኛ በዚያ ያሠልጥኑልዎ። በብዙ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ተቋማት ሐበሻ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) አይጠፋም፤ ጥሩ ነው፣ ግን ዕቅዱ በእሷ ላይ ብቻ ከተመሠረተ እሷ ዕረፍት የወጣች ሌሊት እናትዎ ይወድቃሉ።

የመውደቂያው ሰዓት ከንጋቱ 4 እስከ 5 ከሆነ ጸሎትን ያስቡ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሌሊት ተነስተው የሰገዱ እናት ስማቸውን ቢረሱ እንኳ ያን አይረሱም። ሰውነታቸው ነው የሚያስታውሰው። ይህን ልማድ ለማስተው መታገል ከንቱ ነው፤ ቦታ ይሰጠው። ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀመጥ፣ ሥዕሉ ተቀምጠው በሚያዩት ከፍታ ይሰቀል፣ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው መጥቶ አስነስቶ ያስቀምጣቸው። ስግደቱ በተቀመጡበት ራስን ዝቅ በማድረግ ሊሆን እንደሚችል የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከሐኪሙ የበለጠ ይሰሟቸዋል። ለሙስሊም ነዋሪም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ለውዱ እግርን መታጠቢያ ሳህን ላይ ማንሳት አጥፊ ነው፤ ተቀምጠው በሳህን ይታጠቡ፣ ወለሉ ወዲያው ይድረቅ፣ ሰላቱ በወንበር ይሁን።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የአልጋው ከፍታ ትክክል የሚሆነው ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ ጫማቸው ሙሉ በሙሉ መሬት ሲነካና ጉልበታቸው በ90 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ፣ ዳሌያቸውም ከጉልበታቸው ጥቂት ከፍ ሲል ነው። ያን ከፍታ ለክተው ግድግዳው ላይ በቀለም ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ አልጋ ያጠበ ሰው ከፍ አድርጎ ትቶት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። መሬት ሊነካ የደረሰ ዝቅተኛ አልጋ መነሳት ለማይችል ሰው ጥሩ ነው። መነሳት ለሚችል ግን ወይ ከመነሳት ያግደዋል፣ ያኔ እንደ እስር ይቆጠራል፤ ወይ ለመነሳት ሲታገል ይጥለዋል። አልጋ አጠገብ የሚነጠፈው ወፍራም ምንጣፍም እንዲሁ ነው። በራሱ የሚራመድን ሰው ያደናቅፋል። የሚነጠፍ ከሆነ ጠርዙ የሳሳ ይሁን፣ እሳቸው ሲነሱም ይነሳ።

ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ ማታ መብራት አጥፍተው ራስዎ ይሂዱበት። በእንቅስቃሴ የሚበራ ትንሽ መብራት ከአልጋው ሥር አንድ፣ በመንገዱ ላይ አንድ ይበቃል። የሽንት ቤቱ በር ክፍት፣ መብራቱ የበራ ይሁን፤ መቀመጫውን ከአልጋቸው ሆነው የሚያዩት ሰው ሌላ በር አይፈልግም። ነጭ ወለል ላይ ነጭ መቀመጫ ለደከመ ዓይን አይታይም፣ ቀለም ያለው ክዳን ይግጠሙ ይበሉ። በሰም የሚያብለጨልጭ ወለል ውሃ የፈሰሰበት ይመስላቸዋል፣ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ይመስላቸዋል፤ ሊዘሉት ሲሉ ይወድቃሉ። ጫማው ተረከዝ የያዘ ይሁን። ነጠላ ጫማ ይቅር። ካልሲ ከሆነ ላስቲኩ ከላይም ከታችም ያለው፣ እግር ላይ ሲዞር የማያንሸራትተው ይሁን። ቀሚሳቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይጠር። በዊልቸር ሲሄዱ ደግሞ የነጠላው ጫፍ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ከኋላ ይታሰር። ዊልቸሩን ሰው ሲገፋው እግር ማሳረፊያው የግድ መሰካት አለበት፤ ካለሱ ጫማቸው መሬት ይይዝና በፊታቸው ይወረወራሉ።

መድኃኒቱን በሁለት በኩል ያስመርምሩ። አንደኛ፣ ሲነሱ ግፊታቸው ይወርዳል ወይ? አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለካል፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካል። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መውደቁ ከፊል ምክንያቱን አግኝቷል፣ ሐኪሙም የግፊት ኪኒኑን መጠንና ሰዓት ማየት አለበት። ተቀምጦ ብቻ የተለካ ግፊት ይህን አያሳይም። ሁለተኛ፣ የፋርማሲ ባለሙያ የእያንዳንዱን ነዋሪ መድኃኒት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የመከለስ ግዴታ አለበት፤ ውጤቱን ይጠይቁ። ሎራዜፓም፣ ዞልፒደም ወይም ለእንቅልፍ የሚሰጥ ሌላ ነገር ካለ ለምን እንደተጀመረ ይጠይቁ። እባክዎ እናንተም «ትንሽ እንድትተኛ» ብላችሁ ከሱቅ ታይሌኖል ፒኤም በቦርሳ ይዛችሁ አትሂዱ። ውስጡ ያለው ዲፌንሃይድራሚን አረጋውያንን ግራ ያጋባል፣ ያንገዳግዳል፣ ሽንትም ይይዛል። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ነርሷ ትወቀው። እስከ ቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት) ምንም ሳይቀምሱ የግፊትና የሽንት ኪኒን የወሰዱ ሰው ራሳቸው መዞሩ አይቀርም፣ የስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ደግሞ ራሱን ይስታል።

አንዳንድ ቦታ ብረት ሲከለከል አልጋው ላይ የሚጮህ አላርም ያቀርባሉ። አላርም ሰው እንደተነሳ ይናገራል እንጂ መነሳቱን አያስቀርም፤ በሰባ ሜትር ኮሪደር ጫፍ ያለች ሲኤንኤ ስትደርስ እሳቸው ወድቀዋል። ጩኸቱም ያስደነግጣቸዋል። ፈርተው ከቦታቸው መንቀሳቀስ ካቆሙ እሱም እንደ እስር ይታያል። ለጥቂት ቀን መቼ እንደሚነሱ ለማወቅ ከሆነ ይሁን።

የደም ማቅጠኛውን ነገር ለብቻው ልበል፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ማንም ሳያያቸው የወደቁ ሰው ጭንቅላታቸውን እንደተመቱ ነው የሚቆጠረው፣ በተለይ ደማቸው የቀጠነ ከሆነ። ሐኪም ወዲያው መጠራት አለበት፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል መላክም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ተቋሙ ውስጥ ከቆዩ ኒውሮ ቼክ ይደረጋል፦ ንቃት፣ የዓይን ብሌን፣ የእጅና የእግር ጉልበት፣ ግፊትና ምት። የተለመደው አሠራር በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያ በየሰዓቱ፣ በመጨረሻም በየፈረቃው እስከ 72 ሰዓት ድረስ መቀጠል ነው። ወረቀቱን ሲያዩ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑና በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ጊዜ የተሞሉ ከመሰሉ ይጠይቁ። ነርስ ሳትመረምራቸው በብብታቸው አንጠልጥሎ ማንሳት የለም፤ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌ ተሰብሯል። ደግሞ በአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላም ሊገለጥ ይችላል። እናትዎ ካለፉት ስድስት ሳምንታት ወዲህ እንቅልፍ ካበዙ፣ ራሳቸውን ካመማቸው፣ አንድ ወገናቸው ከደከመ ወይም ግራ መጋባታቸው በድንገት ከባሰ ስብሰባ አይጠብቁ፣ ዛሬ ይመርመሩ።

ቃጠሎው ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ሰው የሚሳሳተው «የፈላ አልነበረም፣ ሙቅ ብቻ ነበር» በማለት ነው። ተቆጣጣሪዎች በሚጠቀሙበት ሰንጠረዥ መሠረት 140 ፋራናይት (60 ሴልሺየስ) የሆነ ውሃ በ5 ሰከንድ የቆዳን ውፍረት ሁሉ ያቃጥላል። 148 ከሆነ 2 ሰከንድ፣ 155 ከሆነ 1 ሰከንድ ይበቃዋል። 120 እንኳ 5 ደቂቃ ከቆየ ያቃጥላል። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ሙቀቱን ዘግይቶ ነው የሚሰማው፣ ጭን ላይ የፈሰሰ ሻይ ደግሞ ቀሚስና የውስጥ ልብስ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቆያል። እናትዎ ተነስተው ልብሳቸውን ማራገብ አይችሉም፤ ጉዳቱ የሚከፋው በዚህ ነው።

ለሻይና ለቡና አንድ ወጥ የፌዴራል የሙቀት ጣሪያ የለም። ስለዚህ ለእናትዎ የተለየ የትኩስ መጠጥ ምዘና ተደርጎ በኬር ፕላኑ እንዲጻፍ ይጠይቁ፦ ቀጥ ብለው ጠረጴዛ ተጠግተው ሲቀመጡ ብቻ ይሰጣቸው፤ ጽዋው ታቹ ሰፊ፣ ክዳንና እጀታ ያለው ይሁን፤ ከግማሽ አይለፍ፤ ጭናቸው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽርጥ ይደረግ። አልጋ ላይ በፍጹም። ከቤት በፔርሙዝ የሚመጣው ቡና ከተቋሙ ማሽን የበለጠ እንደሚፋጅ ልብ ይበሉ፤ ስኒው ደግሞ እጀታ ስለሌለው ለሚንቀጠቀጥ እጅ ከሁሉ የባሰው ዕቃ እሱ ነው። ቀድተው ከንፈርዎ ላይ ለብ እስኪል ይጠብቁና እጀታ ባለው ጽዋ ይስጧቸው። ስኒውን ለሽታውና ለማዕረጉ አጠገባቸው ያስቀምጡላቸው።

ቢፈስባቸው ልብሱ ወዲያው ይወለቅ፣ ወይም ይቀደድ። ሽንት መያዣ ጨርቅ ካለም ይውጣ፤ ሙቁን ውሃ የሚይዘው እሱ ነው። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እስከ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት፣ ሌላው ሰውነታቸው ግን በብርድ ልብስ ይሸፈን። በረዶ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይደረግም። የጭንና የብልት አካባቢ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም በሐኪም ይታይ።

የቧንቧውን ሙቀትም ይለኩት፤ የኩሽና ቴርሞሜትር ይበቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ አፍስሰው ይለኩ። ሊጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ 140 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሆኖ ይከማቻል፤ ወደ ክፍል ሲወጣ መቀላቀያ ቫልቭ ከቀዝቃዛ ጋር ያለዝበዋል። ያ ቫልቭ በኖራ ሲያዝ ወይም ሲያረጅ የጋኑ ውሃ እንዳለ ወደ መታጠቢያው ይደርሳል። በእጅዎ ያገኙት ከ120 በላይ ከሆነ ለጥገና ክፍሉ በጽሑፍ ያስታውቁ፣ የየሳምንቱን የሙቀት መዝገብም ያሳዩኝ ይበሉ። ለገላ መታጠቢያ 100 ፋራናይት ገደማ ነው ደኅናው።

እኛ ይዘን የምንገባው ነገርም አደጋ አለው። ዕጣን፣ ጧፍና የኤሌክትሪክ ምድጃ ክፍል ውስጥ አይገቡም፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ኦክስጅን ካለማ ብልጭታ ይበቃዋል። በባትሪ የሚሠራ ሻማ አለ። የቡናው ሥነ ሥርዓት በእንቅስቃሴ ክፍሉ ከሠራተኛ ጋር ተነጋግሮ ይሁን። ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ በነዋሪ ክፍል ክልክል ነው። ቢበርዳቸው ጋቢ ጨምሩላቸው፤ ከጥቅምት 1990 በኋላ ፈቃድ ያገኘ ተቋም ደግሞ ከ71 እስከ 81 ፋራናይት መጠበቅ ግዴታው ነው። ሙቀትም ይገድላል፦ በ2017 ከኢርማ አውሎ ነፋስ በኋላ ፍሎሪዳ ሆሊዉድ ውስጥ ማቀዝቀዣው በጠፋበት ነርሲንግ ሆም 12 ሰዎች ሞተዋል።

ምግቡን በተመለከተ የመዋጥ ችግር እንዳለባቸው በምርመራ ከተነገራችሁ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጨርሶ ይቅር፤ ደረቅ እንጀራና ላንቃ ላይ የሚጣበቅ ገንፎም የዋዛ አይደሉም። የመዋጥ ባለሙያዋ ፊት የቤታችሁን ምግብ አቅርባችሁ ታስሞክራቸው። ደቅቆና ረጥቦ እንዲቀርብ ከታዘዘ ቁርጡ ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሽሮና በደንብ የራሰ ፍትፍት ሊስተካከሉ ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ጠበልን ነው። ፈሳሽ እንዲወፍርላቸው የታዘዘ ሰው ቀጭን ውሃ ሲጠጣ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ጠበልም ቢሆን ውሃ ነው። ወይ በማወፈሪያው ዱቄት ይወፍር፣ ወይ ይረጩ። በላስቲክ ጠርሙስ ያለውን ደግሞ ስሙን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከጽዳት ዕቃ አርቁ። በ2022 ካሊፎርኒያ ሳን ማቴዮ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጭማቂ መስሎ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የተቀዳላቸው ነዋሪዎች ሞተዋል።

ይህን ሁሉ በኮሪደር ላይ ለቆመች ነርስ ነግረው አይመለሱ። በኢሜይል የኬር ፕላን ስብሰባ ይጠይቁ፦ ነርሷ፣ ፊዚካል ቴራፒስቱ፣ ሶሻል ወርከሯ፣ ከተቻለ የሌሊቷ ሲኤንኤ፣ እርስዎና አስተርጓሚ። የአስተርጓሚው ክፍያ የተቋሙ ነው። ከስብሰባው ሲወጡ እያንዳንዱ ነገር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሚሠራው ተጽፎ ቅጂው እጅዎ ይግባ። ከሁለተኛው መውደቅ በኋላ ያለው ዕቅድ ከመጀመሪያው ጋር ቃል በቃል አንድ ከሆነ ተቋሙ አልተማረም ማለት ነው፤ ይህንኑ ይንገሯቸው። ጉዳት ባስከተለና ሐኪም ሊያስፈልገው በሚችል አደጋ ሁሉ ወዲያው ለወኪሉ ማሳወቅም ግዴታቸው ነው። ጠዋት ሥራ ላይ ሆነው የሰሙት የሌሊት ጉዳት ካለ ለምን ብለው ይጠይቁ።

መግቢያው አካባቢ የመጨረሻው የመንግሥት ምርመራ ውጤት ለሁሉም ክፍት ሆኖ መቀመጥ አለበት። ውስጡ ኤፍ 689 የሚል ቁጥር ይፈልጉ፤ የአደጋ መከላከልና የክትትል ጉድለት የሚመዘገበው በዚያ ነው፣ የአልጋ ብረት ደግሞ በኤፍ 700። በዚያ ቁጥር ተከሰው የማስተካከያ ዕቅድ ያቀረቡ ከሆነ በስብሰባው ላይ ገጹን ከፍተው ያስቀምጡት። ካልሰሙዎት የአካባቢዎን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኦምቡድስማን (ለነዋሪዎች መብት የሚሟገት ሰው) ይጥሩ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ካለፈ በሜሪላንድ አቤቱታ የሚቀበለው ኦፊስ ኦፍ ሄልዝ ኬር ኳሊቲ የሚባለው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። ቅሬታ ስላቀረቡ በእናትዎ ላይ መበቀል በሕግ ክልክል ነው። አቤቱታው ላይ ስሜቱን አሳጥረው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፈረቃውንና በኬር ፕላኑ ተጽፎ ያልተደረገውን ነገር ይጻፉ፤ መርማሪው ሲመጣ መዝገቡን የሚያመሳክረው በእነሱ ነው።